ቡሬ ላይ ያልጠራሁት ስም

ውድ ላቀው፣

ስምህን ስጽፍ እንኳ ዞር ብዬ በሩን አየሁ፤ አባትህ የገቡ መስሎኝ። አብረን ስንኖር አንድም ቀን በስምህ ጠርቼህ አላውቅም። የባሏን ስም የምትጠራ ሚስት ባለጌ በምትባልበት ቤት ነው የገባሁት። ሲቸግረኝ «ይስሙኝማ» እልህ ነበር። አንተም «ስሜ ያቃጥላል እንዴ?» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። ዛሬ አንቱታውን ትቼ አንተ ስልህ አትቀየመኝ።

በ1991 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ምልምሎቹ ከቡሬ የሚጫኑ ቀን፣ አንተ ቀድመህ ከተማ ስለገባህ እኔ ከአባትህ ጋር በእግር ተከተልኩህ። ሆዴ ገፍቶ ስለነበር ቀስ እያልን ደረስን። አንተ መኪናው ላይ ቆመህ አንገትህን አስግገህ ትፈልገኛለህ፤ የምታየው ግን ወደ መናኸሪያው ነው። እኔ ደግሞ ከእህል መጋዘኑ ጥግ ነኝ። የአባትህ ዓይን ደክሞ ከሌላው ምልምል አልለዩህም። አንዴ ብጠራህ ትዞር ነበር። አፌን ከፈትኩ፤ አጠገቤ የቆሙትን አባትህን አየሁና መልሼ ዘጋሁት። ነጠላዬን ባውለበልብ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል ማን ያየኛል? መኪናው ወደ ፍኖተ ሰላም ተነሳ።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ አንድ ማለዳ፣ ክንዱ የሚባል የሽንዲ ሰው በምርኩዝ እየተደገፈ ከሽማግሎች ጋር መጣ። ሽማግሌ በዚያ ሰዓት ለደግ እንደማይመጣ ስለማውቅ ገና ከበር ሲገቡ ነጠላዬን አዘቀዘቅሁ። መርዶውን ካረዱን በኋላ ክንዱ አንተ የሠራኸውን ነገረን።

«ጾረና ላይ ምሽጋችን ሊከበብ ሲል አፈግፍጉ ተባልን። እኔ እግሬን ተመትቻለሁ፤ ሌላም ቁስለኛ ሞልቷል። ላቀው መትረየሱን ይዞ ቀረ። ‹እናንተ ሰዎቹን አውጡ፣ እኔ እደርሳለሁ› አለን። በቃሬዛ ሲያወጡኝ ‹ላቀው! ና ውጣ!› እያልኩ ጮህኩ። ሰምቶኛል። ሂዱ ብሎ እጁን ወዘወዘልኝ። ሸለቆውን እስክንሻገር መትረየሱ አላረፈም።»

«ከዚያስ?» አሉ አባትህ።

«ከዚያማ ዝም አለ።»

ወንዶቹ ፎከሩልህ። እኔም ኮርቻለሁ፤ አልዋሽህም። ግን ተናድጄብሃለሁም። ያን ሁሉ ሰው ለቤቱ ስታበቃ ለእኛ ቤት አላሰብክም ወይ? ኋላ ክንዱን ለብቻው አግኝቼ ስለ ሽኝቱ ቀን ያነሳህለት ነገር እንዳለ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

«‹ንግሥቴ ሳትሸኘኝ ቀረች፤ ሆዷ ገፍቶ መንገዱ ከብዷት ይሆናል› ይል ነበር። ቂም አልያዘም፣ እህቴ።»

ቂም ብትይዝብኝ ይሻለኝ ነበር።

አስከሬንህ ስላልመጣ የተለቀሰው ጋቢህና ዱላህ አልጋ ላይ ተደርገው ነው። ሴቶቹ ስምህን እየጠሩ ሲያለቅሱ እኔ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። አባትህ መጥተው አጠገቤ ቁጭ አሉ።

«ጥሪው፣ ልጄ። ከእንግዲህ ማንን ታፍሪያለሽ?» አሉኝ።

ድምፄ እስኪዘጋ ጠራሁህ። የመጀመሪያዬ መሆኑን ያወቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ልጅህን ውዳሴ ብለናታል። ከለቅሶው በኋላ መጀመሪያ ያስተማርኳት ያንተን ስም ነው። ማንም ይስማ ማን ጮክ ብላ ትጠራዋለች፤ አባትህም ያዳምጧታል።

ላቀው፣ መጥቼ ነበር። ከመጋዘኑ ጥግ፣ ከአባትህ አጠገብ ነበርኩ። አረንጓዴ ጥለት ያለውን፣ አንተ የምትወደውን ነጠላ ለብሼ ነበር።

ሳትሸኝህ ያልቀረች ሚስትህ፣
ንግሥቴ