ጥቁር ሱፍ የለበሱት ወንድሞች

ጃንዋሪ 17፣ 2007

ረቡዕ። ዝናብ። የኬሚስትሪ ፈተና ደህና ነበር መሰለኝ… ወይ ራሴን እያታለልኩ ነው።

ከክላስ ስወጣ ዳንኤል ያዘኝ። የታኮማው ፈረንጅ ልጅ፣ ላብራቶሪ አብረን የምንሠራው። ፍራተርኒቲ ሊያቋቁሙ ነው፤ ኮሌጃችን ውስጥ እስከ ዛሬ ኖሮ አያውቅም። የወንድማማቾች ማኅበር በለው። ዋናው ቢሮ ሃያ አምስት ሰው ካልፈረመ ቻርተር፣ የማቋቋሚያ ፈቃዱን ማለት ነው፣ አልሰጥም ብሏል። እስካሁን አሥራ አንድ ናቸው። «መጠጥ የለም፣ ማንገላታት የለም። ደንቡን የምናወጣው እኛው ነን» አለኝ።

እሺ አልኩ። ለምን? ቤቱ ጭር ስላለ ነዋ! ወንድሜ ፋኑኤል በውትድርና ኢራቅ ከሄደ አምስት ወሩ። ባዶ አልጋውን እያየሁ መተኛት ሰለቸኝ። ወንድም ናፈቀኝ፣ አለቀ።

ለእማዬ እንዴት ይነገራል?

ጃንዋሪ 20

እራት ላይ ልጀምርላት ስል ቀደመችኝ። የሆነ ስቴት ውስጥ አንድ ተማሪ ፍራተርኒቲ ገብቶ፣ መጠጥ ግተውት ሞተ አለች። ሥራ ቦታ ሰምታ ነው፤ የምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ ቲቪው ጠፍቶ አያውቅም።

«እናቱን አሰብኳት። እኔ አንዱን ልጄን ለጦር ሰጥቻለሁ፤ አንተን ለማንም አልሰጥም።»

ሾርባዬን ጠጣሁ። ከዚያ፣ ረቡዕ ረቡዕ ማታ ስተዲ ግሩፕ አለኝ አልኳት። በቃ፣ ተጀመረ።

ፌብሩዋሪ 14

ሃያ ሁለት ደረስን! ጓደኛዬን ኡርጌሳን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐበሻ ሁለታችን ብቻ ነን።

ዛሬ ስለ ቻርተሩ ቀን ተወያየን። የራሳችን የሆነ ሥርዓት ይኑረን ተባለ። ሐሳብ አመጣሁ… ጎህ ሲቀድ፣ ጥቁር ሱፍ ለብሰን፣ ከቤት ቤት እየዞርን እንጠራራ። ሃያ አምስታችን እስክንሟላ ማንም ቃል አይተንፍስ። ዳንኤል ጠረጴዛውን መታ። «ይሄ መቶ ዓመት ይኖራል!» አለ። ኩራቴን ማን ይቻለው!

ማርች 7

ሃያ አምስት። ሞላን።

እማዬ የጾም ፓስታ ቋጥራልኝ ነበር። «ለስተዲ ግሩፑም ይበቃል» ብላ። ይዤ ወጣሁ።

ኤፕሪል 20

የቻርተሩ ቀን ነገ ነው። ቤት እንዳይመጡ፣ ማዕዘኑ ላይ ካለው ፌርማታ አንሡኝ ብያቸዋለሁ። እማዬን ደግሞ ከሥራ ለጠዋት ሺፍት ተጠርቻለሁ አልኳት። ሱፉ የፋኑኤል ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ደብቄዋለሁ። ስንት ውሸት ሆነ? መቁጠር ትቻለሁ።

ኤፕሪል 21

ከመጀመሪያው ልጻፈው።

አረፈድኩ። ሱፉ ቦርሳ ውስጥ ተጨማዶ አደረ፤ ባኞ ቤት ዘግቼ ስተኩስ ሰዓቱ ሄደ። ስልኬ መኝታ ቤት፣ ያውም ሳይለንት ላይ። ልጆቹ ፌርማታው ጋ ጠብቀው ጠብቀው… ዳንኤል ከስም ዝርዝሩ የቤት ቁጥሬን አወጣ። የበሩን ደወል ደወሉ። እማዬ ከፈተች።

ስምንት ወንዶች። ጥቁር ሱፍ። በዚያ ሰዓት። አንገታቸውን ደፍተው።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህን ሲያይ ምን ይላል? መርዶ! ሌላ ምን! አያቴ የሞተች ጊዜ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ልክ እንዲህ ነበር ማለዳ የመጡት፣ በዚሁ በር። እንዴት አላሰብኩም? እንዴት?

«ምንድን ነው?» ስትል ሰማሁ። ዝም። «ፋኑኤል ነው?» ዝም! ደንብ አክብረው! የኔን ደንብ!

ከዚያ ጩኸቷ። ዳግመኛ አያሰማኝ። ሮጬ ስደርስ መሬት ላይ ናት፤ ደረቷን ትደቃለች። ልጆቹ ደርቀው ቀሩ። እኔስ? ለአንድ አፍታ እኔም ፋኑኤል ሞቷል ብዬ አመንኩ።

ኡርጌሳ መኪና ፓርክ ሲያደርግ ቆይቶ ነው። እየተጋፋ ገባ። «እትዬ! ማንም አልሞተም! በእናቴ፣ ማንም አልሞተም! ፋኑኤል ደህና ነው! ናኦድን ለስብሰባ ልንወስደው ነው የመጣነው!»

«ማንም?»

«ማንም!»

«እመብርሃን… ተመስገን…» ኡርጌሳን አገላብጣ ሳመችው። ከዚያ ዳንኤልን። ከዚያ ሁሉንም፣ በተራ። ወደኔ ዞረች። የፋኑኤልን ሱፍ ለብሼ ቆሜያለሁ። አልሳመችኝም።

«ስተዲ ግሩፑ ይሄ ነው?»

እዚያው ኮሪደሩ ላይ ሁሉንም ተናገርኩ። አለቀስኩ። ይቅር፣ አልሄድም፣ እተወዋለሁ አልኳት። እኔ ከቀረሁ ሃያ አራት ናቸው፤ ቻርተር የለም። ኡርጌሳ ተረጎመለት፣ ዳንኤል ግን አንዲት ቃል አልተለማመጠኝም። «ከናትህ ጋር ሁን» ብቻ አለኝ።

እማዬ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። «ምን አለህ ልጁ?»

ነገርኳት። ዳንኤልን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ያንን ሱፍ አውልቅ። ክርኑ ጋ አልተተኮሰም። እኔም እመጣለሁ። ልሞትለት የነበረውን ነገር በዓይኔ ልየው።»

መጣች። ነጠላዋን አጣፍታ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች። እያየችኝ ፈረምኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ «መጠጥ ካየሁ እጅህን ይዤ ነው የማወጣህ። ሌላ ውሸት ካገኘሁብህ ደግሞ…» አልጨረሰችውም።

ቀለለኝ። እፎይ! ፋኑኤል በሕይወት አለ፣ እማዬ ሁሉን ታውቃለች። ነገ ምን ብዬ እወጣለሁ ብዬ ሳላስብ ልተኛ ነው።

ኤፕሪል 25

እማዬ አኩርፋለች። ምሳ ግን ቋጥራለች።

ኖቬምበር 11

ፋኑኤል ገባ! በሁለት እግሩ! እማዬ ቲሸርቱ እስኪለጠጥ ድረስ ኤርፖርት ላይ አልለቅም አለችው። ማታ ሱፉን አየና «ማነው ለብሶት የነበረው?» አለኝ። ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ፤ እማዬ ወድቃ ነበር ስለው ግን ተነሥቶ ወደ ክፍሏ ሄደ። ብዙ ቆየ።

ኤፕሪል 19፣ 2008

ዛሬ አዲሶቹን አባላት አስገባን። የማለዳው ዙር አለ፤ ዝምታው ግን ተሽሯል። ዳንኤል ደንቡ ላይ አንድ አንቀጽ አስጽፏል… በር ሲከፈት መጀመሪያ የሚባለው «ማንም አልሞተም!» ነው። ያውም በአማርኛ። ከስፖካን የመጣ ልጅ ሳምንት ሙሉ ሲለማመድ ከረመ። በየበሩ ስንጮህ የፈረንጅ እናቶች ግራ ገብቷቸው ይስቃሉ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ እግዜር ይመስገን እያልኩ ነው የዞርኩት።

ማርች 8፣ 2009

አሕመድ የሚባል የሌክ ሲቲ ልጅ ማኅበሩ ሊገባ ነው። እናቱ፣ ሀዋ፣ ከኡርጌሳ ቁጥር ተቀብላ ለእማዬ ኮል አደረገች። እማዬ ስፒከር ላይ ነው የምታወራው፤ ሶፋው ላይ ሆኜ ሰማሁ።

«ደህና ልጆች ናቸው እኅቴ?»

«ደህና ናቸው። ሳልነግራቸው ሁለት ጊዜ የሚሰበሰቡበት ቤት ሄጄ ፍሪጃቸውን ከፍቼ አይቻለሁ። ጁስ ብቻ ነው።» ሁለት ጊዜ? መቼ?!

«አልሐምዱሊላህ። ልጅሽ መጀመሪያ ሲነግርሽ ግን ምን አልሽው?»

እማዬ ቀና ብላ አየችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ…

«አሕመድ ራሱ ነው የነገረሽ?»

«ራሱ ነው። ካልፈቀድሽ አልገባም አለኝ።»

«እንግዲያ ምን ትጨነቂያለሽ? ከኔው ይሻላል። የኔም ቢሆን ካንዴ በኋላ ዋሽቶኝ አያውቅም። የሚለኝን አምነዋለሁ።»

ለኔ እንዲህ ብላኝ አታውቅም፤ ሁለት ዓመት ሙሉ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኜ ወጣሁና፣ መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።