መውጣት የማይወድ ሰው

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ ለእታለም፦ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

እኔ ሬዲዮ ጣቢያ ድምፅ መቅዳት ጀምሬያለሁ። አዘጋጇን ብታዪያት! ምሁራኑን ከባዱን ቃል ሁሉ እንደ ለውዝ ታስፈለፍላቸዋለች። ትናንት አንድ ፕሮፌሰር «ሄጌሞኒ» ቢሉ፣ «ጋሼ፣ ለእናቴ በሚገባት ቋንቋ ይንገሩልኝ» አለቻቸው።

ሳቁና፣ «ብልህ ገዢ በር አይቆልፍም። ሰውየው ራሱ ‹መውጣት አልወድም› እስኪል ያለማምደዋል» አሉ። በአድናቆት አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

እማዬም ቤት ሆና በሬዲዮ ሰምታው ኖሮ፣ ማታ ስገባ «እህትሽ ያን የምትወደውን ሥራ ለምን ተወች?» አለችኝ።

«ቤት መዋል ደስ ይለኛል ብላለች» አልኳት። ሬዲዮኑን ዘጋችው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። በደወልኩ ቁጥር የሚያነሳው እሱ ነው፤ ትሕትናው ልዩ ነው። እሁድ ስደውል ግን፣ እባክሽ እታለም፣ አንቺ አንሺው።

ድምፅሽ የናፈቃት ታናሽሽ