ለወጣቶች ጉባኤ ያመለከተው በያጅ

ኅዳር 9 ቀን፣ ሰኞ ከሥራ መልስ

ውድ እታለሜ፣

እንዴት ነሽልኝ? እዚያ አገር ሥራው በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? ይሄን ደብዳቤ ማን ጻፈለት ብለሽ እንዳታስቢ፤ ራሴ ነኝ! የማታ ትምህርቱን ጨርሻለሁ። አስተማሪያችን «እንዳንተ ቶሎ የገባው ሰው አላየሁም» ብላኛለች። ለሁሉም እንዲሁ ትላለች ይላሉ፤ ቅናት ነው።

ወሬው ይኸውልሽ። የወጣቶች ጽሕፈት ቤት «በአገር አቀፉ የወጣቶች ልማት ጉባኤ መሳተፍ የሚፈልግ በእጁ ጽፎ ያመልክት» የሚል ማስታወቂያ ለጠፈ። ድሮ ቢሆን እንዲህ ያለ ወረቀት ሳይ የቸኮልኩ መስዬ ነበር የማልፈው። አሁን ቆሜ አነበብኩት፤ ያውም ጮክ ብዬ፣ ሰው እንዲሰማ።

አመለከትኩ። ብየዳ ቤታችን ለአራት ሰው አንድ የእሳት መከላከያ መነጽር ነው ያለው። ተራው ያልደረሰው ብረቱን ያነጣጥርና ዓይኑን ጨፍኖ እሳቱን ያስነካል። ማታ ቤታችን ስንገባ ዓይናችን አሸዋ የበተኑበት ይመስላል። ይህን ጉባኤው ፊት ተናግሬ ለየብየዳ ቤቱ መነጽር እንዲታደል ልጠይቅ ነበር ሐሳቤ። የሥራ ጓደኞቼም «አንተ አፈኛ፣ እስቲ ለአንድ ቀን አፍህ ይጥቀመን» ብለው መረቁኝ።

ተመረጥኩ! የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስጠርተው ጨበጡኝና በኮምፒውተር የተጻፈ ወረቀት ሰጡኝ። «መድረክ ላይ ወጥተህ ይሄን ታነባለህ» አሉ። «ትናንት በጨለማ ነበርኩ፣ ዛሬ ብርሃን አየሁ» ይላል።

«መነጽሩስ፣ ጌታዬ?»

«ይሄ የልማት ጉባኤ ነው ወንድሜ። አቤቱታ ሌላ ቦታ ነው።»

«እንግዲያው እኔም ማንበብ የተማርኩት የራሴን ላነብ ነው» አልኳቸው። እንዴት ያለ መልስ ነው! ጸሐፊዋ ሳቋን አፈነች። ኃላፊው ግን አልሳቁም፤ ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት።

ዓርብ ዕለት ሥራ ላይ ሆነን ሬዲዮው ጉባኤውን ሲያስተላልፍ «አሁን ደግሞ በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ወጣት በያጅ» አለ። ጓደኛዬ ዞሮ «አንተ እዚህ አይደለህም እንዴ?» አለኝ። የሚያነበውን ሰው ድምፅ ለየሁት። የጽሕፈት ቤቱ የኮምፒውተር ሠራተኛ ነው፤ ባለ ዲግሪ። አዲስ አንባቢ ለመምሰል ይንተባተባል። እኔ እንኳ እንደዚያ አልንተባተብም! ስለ መነጽር አንድም ቃል የለም፤ ጭብጨባው ግን ለጉድ ነው።

አለቃችን ድምፁን ከፍ አደረገና «ስሙ! ሰው እንዲህ ነው የሚለወጠው» አለ። ቀጥሎ «በሉ ወደ ሥራ»። መነጽሩ ተራዬ አልነበረም። ጨፍኜ አስነካሁ።

እማዬ ደህና ናት፤ ሰላም በልልኝ ብላለች። «ዓይንህ ቀላ» እያለች ታስቸግረኛለች። ጉንፋን ነው ብያታለሁ፤ ስትደውይላት አንቺም እንደዚያው በያት።

ስትጽፊልኝ ደግሞ ፊደሉን ጎላ ጎላ አድርጊው፤ እስክሪብቶውም ጥቁር ይሁን። ለትልቅ ሰው በትልቅ ፊደል ነው የሚጻፈው። ቶሎ በይ ታዲያ፤ ሰው ሳላስቸግር በራሴ እንዳነበው።

ፈጣሪ በሄድሽበት ሁሉ ቀድሞሽ ይገኝ። አንቺንስ ጤናሽን ይጠብቅልኝ።

ጉረኛው ወንድምሽ
በገዛ እጁ