ማጅራቷ ብቻ የሚታየው ልጄ

ውድ እህቴ አልማ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰንብተሻል? አባባስ ሳሉ ቀለል አላቸው? ኦቶና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነን። አስቀድሜ የጎረቤቴን የሚስስ ፕሩዊትን ነገር ልንገርሽ። ደረጃ ላይ ወድቃ ዳሌዋን ተሰብራ ነበር፤ አሁን በምርኩዝ ደፋ ቀና ማለት ጀምራለች። ልጇም ከባሏ ታርቃ ገብታለች። አማችየው መጠጥ እርም ብያለሁ ይላል፤ እኛ ደግሞ እናያለን ብለናል።

አባባ ሌኖር ያለችበትን ፊልም ሲያዩ አዳራሹ መሀል «ያቺ ማጅራት የኛ ናት» ብለው ጮኹ ያልሽውን አንብበን ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ኋላ ልብስ ስተኩስ ግን ሳቄ ጠፋ። ልጄን፣ የተዋናይዋ የሚስ ካሮው ተተኪ ሆና በሠራችበት ሦስት ዓመት ሙሉ፣ ከኋላዋ ብቻ ነው ያሳዩን።

አሁን የሚሠሩት የሁለት መንታ እህትማማቾች ታሪክ ነው። ክፉዋ ደጓን መስላ እጮኛዋን ልትቀማ ትገባለች። ሁለቱንም የምትጫወተው ያቺው ሚስ ካሮው ናት። ካሜራውን ከወለሉ ጋር ጠፍረው ያስሩትና የዓይኑን መስታወት ግማሹን በጥቁር ካርቶን ጋርደው አንደኛዋን ያነሳሉ። ከዚያ ፊልሙን ወደ ኋላ ያጠነጥኑና፣ እኛ የልብስ ክፍል ሠራተኞቹ ልብሷን ቀይረንላት፣ በሌላው በኩል ሁለተኛዋን ያነሳሉ። ሚስ ካሮው ከባዶ አየር ጋር መጣላት ስለማትችል ፊት ለፊቷ የምትቆመው ሌኖር ናት። ልጄ ትናገራለች፣ ታለቅሳለች፤ የቆመችው በተጋረደው በኩል ስለሆነ አንዱም አይቀረጽም።

ባለፈው ሳምንት ክፉዋ ደጓን በጥፊ የምትመታበት ቀን ነበር። እሱን ከሌኖር ጀርባ ሆነው አነሱት። አልጥም ስላላቸው ደጋግመው አስመቷት። ጉንጯ ሲቀላ አላስችል አለኝና «ኧረ ቀስ ይበሉ፣ ፊቷ ላይ ምልክት ይወጣል» አልኳት ሚስ ካሮውን። እሷም «ታዲያ ማን ሊያየው ነው?» አለችኝ። በክፋት አይደለም እኮ፣ እውነቱን ነው የነገረችኝ። የከነከነኝም እሱ ነው።

በማግስቱ ተተኪዎቹን የሚያዘው ሚስተር ሃስኬል የሰባት ዓመት ውል አመጣላት። ፀጉሯ እንደ ሚስ ካሮው ብጫ ሆኖ ይቆያል፤ ሚስ ካሮው ስትከሳ ትከሳለች፣ ስትወፍር ትወፍራለች፤ በሌላ ሥራ ፊቷን አታሳይም። እስከ ቅዳሜ ካልፈረመች እንጀራዋ ተዘጋ ማለት ነው። በዚሁ ሰሞን ደግሞ ሳን ፍራንሲስኮ የሚሄድ አንድ ትንሽ የቲያትር ቡድን የገረድ ሚና ሰጥቷታል። ሻይ አቅርባ፣ ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ የምትወጣ ገረድ ናት፤ ግን ፊቷን ወደ ሰው አዙራ ነው።

አንቺ «የያዘችውን አትልቀቅ» እንደምትዪ አውቃለሁ። አልማዬ፣ አትልፊ። አልፈርምም ያለችው ራሷ ናት፣ እኔም ከጎኗ ቆሜአለሁ። በዚህ ሰበብ እኔን ከልብስ ክፍሉ ቢያባርሩኝም ያባርሩኝ፤ የሚጠገን ልብስ በየቤቱ አለ። ትናንት ሚስስ ፕሩዊት፣ ድሮ ፀጉር ሠሪ ነበረች፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ ያን ብጫ ፀጉር አጭር አድርጋ ቆረጠችላትና የዱሮውን ቡናማ ቀለሟን መለሰችላት። «ይኸው፣ ጆሮሽ ሳይቀር ቁርጥ አባትሽን» እያለች አሳቀቻት።

አባባን ግንባራቸውን ሳሚልኝ። ኦቶን ሰላም በይልኝ። ፍሪዳ የላከችልኝ ስዕል መስታወቴ ላይ ተለጥፏል በያት። ኤርቪንም ትምህርቱን እንዳይተው አክስትህ ትቆጣለች በይው።

ይህን ጽፌ ልዘጋው ስል በሩ ተንኳኳ። ሌኖር ወለል እየወለወለች ስለነበር እሷ ከፈተች፤ እኔ ከወጥ ቤት እሰማለሁ። ሚስተር ሃስኬል ነው፣ ያ ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ነይ፣ ቁሚ፣ ዙሪ» እያለ ሲያዛት የኖረው። ባርኔጣውን አንስቶ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ሌኖር አለች?» አላት።

«የለችም፤ ምን ልበልልዎ?»

«ቅዳሜ ካልፈረመች ሌላ እንተካለን ይበሏት። የሷ ብጤ ሞልቷል።»

«እነግራታለሁ። የምትፈርም ግን አይመስለኝም።»

«እህቷ ነዎት?»

«አዎ፣ ታላቋ ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አያትና «ምንም አትመሳሰሉም» ብሎ ሄደ።

እህትሽ ዊልማ
ሆሊዉድ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 1946