ልክና እጥፋት፦ የመምህር ጉልላት አጥናፌ የሕይወት ታሪክ

መምህር ጉልላት አጥናፌ ከአባታቸው ከአቶ አጥናፌ ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውዴነሽ ምንዳ በአዲስ አበባ፣ ጉለሌ፣ ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም አካባቢ ኅዳር 6 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕለቱ የቁስቋም በዓል ስለነበር እናታቸውን ምጥ የያዛቸው ለንግሥ ሊወጡ ነጠላቸውን ሲያጣፉ እንደነበር በቤተሰቡ ይነገራል።

አባታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። በቤቱ ከሁሉ በላይ የሚከበረው ቃል “ልክ” ነበር። አቶ አጥናፌ ልክ ሳይወስዱ መቀስ አያነሡም፤ ልጅ ሲያጠፋም ልክህን ነው የማስገባህ ይሉ ነበር። ሰልባጅ ወደ ሰፈሩ መግባት ሲጀምር እንደ ግል ጠላታቸው ቆጠሩት። ለሌላ ሰው የተሰፋ ኮት ለብሶ በደጃቸው የሚያልፍ ወዳጅ ካለ ሰላምታቸው ይቀዘቅዝ ነበር። ይህ ኋላ ላይ ስለሚያስፈልግ ከወዲሁ ተጽፏል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀው የሟች ታናሽ ወንድም ቶማስ አጥናፌ ነው። ራሱን አንቱ ማለት ስለማይችል እዚህ ላይ እንዲሁ “ቶማስ” እየተባለ ይጠራል። ቶማስ ከስታቲስቲክስ ሥራ በጡረታ የተገለለ ሲሆን፣ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ለሠርግና ለቀብር ብቻ መሆኑን ሰፈሩ ያውቃል። ስሙ አስቀድሞ አጋልጦታል የሚሉም አሉ። ሥራው የተሰጠው በሟች በራሳቸው ፈቃድ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ሕመማቸው ሲጠና “የሕይወት ታሪኬን ቶማስ ይጻፈው” አሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ ደንግጠው “ደግሞ ለቶማስ! በለቀስተኛ ፊት ሊከራከርህ ነው?” ሲሏቸው፣ “ቶማስ የማያምንበትን ነገር አይጽፍም። እሱ ደህና ሰው ነበር ካለኝ ሰው ያምናል” ብለው መለሱ። ወደ ወንድማቸውም ዞረው “መጨረሻው ላይ ግን ነፍስ ይማር ሳትል እንዳትዘጋው” አሉት። ቶማስ እንዲህ ያለ ቃል ከአፉ ከወጣ ብዙ ዘመን ሆኖታል። “እሱን ስደርስ አየዋለሁ” አለ።

መምህር ጉልላት ፊደልና ዳዊት በሰፈራቸው ከየኔታ ዘንድ ተምረው፣ ዘመናዊ ትምህርታቸውን እዚያው ጉለሌ ተከታተሉ። በ1967 ዓ.ም. እንደ እኩዮቻቸው ዘምተው ሲመለሱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1972 ዓ.ም. በፊዚክስ ተመረቁ። መጀመሪያ ፍቼ፣ ኋላም ጉለሌ ውስጥ ጡረታ እስከወጡበት እስከ 2008 ዓ.ም. ድረስ አስተምረዋል። ተማሪዎቻቸው የማይረሷት አንዲት አነጋገር ነበረቻቸው፤ “መልስህ ልክ ነው፤ የመጣህበት መንገድ ግን አይደለም” እያሉ ግማሽ ማርክ ይቀንሱ ነበር። ዛሬ ከለቀስተኛው መካከል ያን ግማሽ ማርክ እስከ አሁን የሚከራከሩ አይጠፉም።

በ1975 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሙሉ ጋር በቁስቋም ማርያም ሥርዓተ ተክሊል ፈጽመው ቢኒያምንና ትሕትናን ወልደዋል። አባታቸው ሲያርፉ የስፌት መኪናው ለእሳቸው ደረሰ። ፊዚክስ አስተማሪ ሆነው ሳለ በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ የቤተሰቡን ልጆች ዩኒፎርም በገዛ እጃቸው ይሰፉ ነበር። ከአባታቸው እንደተማሩት የልጅ ልብስ ሲሰፉ ከታች ሰፊ እጥፋት ይተዋሉ። ልጁ ሲያድግ እጥፋቱ ተፈትቶ ልብሱ ይረዝማል።

ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮ በቁስቋም ማርያም ሰንበት ትምህርት ቤት ለወጣቶች “የዓለም ልክ” የሚል ትምህርት ይሰጡ ነበር። የስበት ኃይል ትንሽ ቢጠነክር ከዋክብት ቶሎ ነደው ባለቁ፣ በአቶም እምብርት ያሉትን ቅንጣቶች የሚያያይዘው ኃይል ጥቂት ቢላላ ከሃይድሮጂን በቀር ምንም ባልኖረ፣ ዓለም ሲጀመር የተዘረጋበት ፍጥነት ቢያንስ ሁሉም ተመልሶ በተጨማደደ፣ ቢበዛ ደግሞ ተበትኖ በቀረ ነበር እያሉ ያስረዳሉ። ቀጥለውም ሜትራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው “ልብሱ ይህን ያህል ልክ ከሆነ፣ ልክ የወሰደ አለ ማለት ነው” ይላሉ። ሜትሩ የአባታቸው ነበር። ልጆቹ እሱን ለማየት ሲሉ ብቻ ይመጡ እንደነበር ቶማስ ይጠረጥራል።

ቶማስ በዚህ አይስማማም ነበር። እሑድ እሑድ ከምሳ በኋላ ክርክሩ ይነሣል። “ሰልባጅ ተራ ግባ፤ ከሺህ ጫማ አንዱ እግርህን ልክ ይሆናል። ያን ጫማ የሠራው ሰው የአንተን እግር አያውቀውም። ዓለማትም እልፍ ከሆኑ፣ አንዱ ለእኛ ልክ ቢሆን ምን ይገርማል?” ይል ነበር። መምህር ጉልላት መጀመሪያ የሚቆጡት ሰልባጅ የሚለው ቃል በአባታቸው ቤት በመነሣቱ ነው። ከዚያ ረጋ ብለው “እሺ፣ ቦንዳውን ያራገፈው ማነው?” ይላሉ። የሰፈሩ ባለሱቅ አቶ ሳቢት ወንድማማቾቹ በሱቁ በር ላይ ቆመው ሲከራከሩ ሰምተው “ሁለታችሁም ፈጣሪን አስቸገራችሁት” ብለዋቸው ያውቃሉ። ከሁለቱ አንዱም ሌላውን “ልክ ነህ” ብሎት አያውቅም።

በ1996 ዓ.ም. የቶማስ ልጅ ሃና በልብ ሕመም ዐረፈች። ሁለተኛ ክፍል ነበረች። መምህር ጉልላት እንደ ልጃቸው ይወዷት ስለነበር ድንኳን ውስጥ አጠገቡ ተቀምጠው ብዙ ካለቀሱ በኋላ፣ ሊያጽናኑት ፈልገው፣ አፋቸው የለመደውን ተናገሩ። “ቶማስዬ፣ እሱ ሁሉን በልክ ነው የሠራው” አሉት። ቶማስ “ታዲያ ዩኒፎርሟ ላይ ያን ሁሉ እጥፋት ለምን ተውክ?” ብሎ ከገዛ ልጁ ለቅሶ ተነሥቶ ወጣ።

ከዚያ ወዲያ ወንድማማቾቹ ተኳረፉ። እድር ላይ ሲገናኙ ራስ ነቅንቀው ይተላለፋሉ፤ እሑድ ምሳ ቀረ። መምህር ጉልላት “የዓለም ልክ” የተባለውን ትምህርት አቋረጡ። የሰንበት ትምህርት ቤቱ ኃላፊዎች ቢለምኗቸውም “አልተዘጋጀሁም” ይሉ ነበር። ዩኒፎርም መስፋቱንም ተዉት። ወይዘሮ ሙሉ መኪናውን በጨርቅ ሸፍነው አስቀመጡት።

በ2001 ዓ.ም. ትምህርቱን እንደገና መጀመራቸው ተሰማ። ልጃቸው ቢኒያም ወደ ቶማስ ቤት መጥቶ “አጎቴ፣ አንድ ቀን መጥተህ ስማው፤ ድሮ የነበረው አይደለም” አለው። ቶማስ እያጉረመረመ ዳገቱን ወጥቶ ከኋላ ተቀመጠ። መምህር ጉልላት ስለ ስበት፣ ስለ አቶሙ፣ ስለ ዓለም መዘርጋት እንደ ድሮው ተናገሩ፤ ሜትሩንም አወጡ። ከዚያ ግን አልቋጩም። “ወንድሜ አንድ ጥያቄ ጠይቆኛል” አሉ። “ለልጁ ዩኒፎርም ሰፍቼ ስታድግ የሚፈታ እጥፋት ትቼ ነበር። አልተፈታም። ልክ የሚወስድ አለ ብዬ አምናለሁ፤ ያ እጥፋት ግን ምን እንደሆነ አላውቅም። ‘ሁሉን በልክ ሠራ’ ያልኩበት ቀንና ቦታም ልክ አልነበረም። ይህን ሳልነግራችሁ ብወጣ ግማሹን ነው ያስተማርኳችሁ” አሉ። ቶማስን ከኋላ ያዩት ይህን ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነበር።

አብረው ወደ ሽሮ ሜዳ ወረዱ። በመንገዱ ላይ ስለ ሃናም ስለ ዓለሙም አልተነጋገሩም። መለያያው ላይ ሲደርሱ መምህር ጉልላት የወንድማቸውን እግር አይተው “ሱሪህ አጥሮብሃል። ነገ አምጣውና እጥፋቱን ልፍታልህ” አሉት። ቶማስ በማግስቱ ይዞላቸው ሄደ። ወይዘሮ ሙሉ ጨርቁን ከመኪናው ላይ አነሡ።

ክርክሩ ከዚያ በኋላ ቀጠለ፤ ሰልባጁም ቦንዳውም ተመለሱ። ቶማስ ለአፍታም እጅ አልሰጠም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር መመስከር ይችላል፤ ወንድሙ የማያውቁትን ነገር አውቃለሁ ብለው ያስተማሩት ሰው የለም። ጥርጣሬ የያዛቸው ወጣቶች ከካህን አስቀድመው ወደ እሳቸው ይመጡ የነበረውም በዚህ ይመስለዋል።

መምህር ጉልላት ካለፉት ጥቂት ዓመታት ጀምሮ በኩላሊት ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ70 ዓመታቸው በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው በቁስቋም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። የልጅ ልጆቻቸውን ዩኒፎርም እስከ ዘንድሮው መስከረም ድረስ ሰፍተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉ፣ ልጆቻቸው ቢኒያምና ትሕትና፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ ወንድማቸው ቶማስና ለቁጥር የሚያስቸግሩ ተማሪዎቻቸው በሐዘን ቀርተዋል።

ቶማስ እዚህ ደርሷል። ከዚህ በታች ያለውን ግን አንቱ ብሎ መጻፍ አልቻለም፤ በቤት እንደሚጠራቸው ይጽፈዋል።

ጋሼ፣ ስለ ዓለሙ ልክ ነህ ብዬህ አላውቅም፤ ዛሬም አላልኩም። ካህናቱ ሊፈቱህ ቆመዋል፤ አንባቢውም እኔን እየጠበቀ ነው። ቶማስ የማያምንበትን አይጽፍም ብለሃቸዋል። እነሆ ጻፍኩት፤ እግዚአብሔር ነፍስህን ይማር። ሃናን ካገኘሃት ያን እጥፋት ፍታላት።