በየነ ከመኪና ሥር የገባ ዕለት

ቢቸና፣ ሚያዝያ ፳ ቀን ፲፱፻፷፫ ዓ.ም.

ለሞጣ ጊዮርጊስ ንግሥ የማኅበራችንን አውቶቡስ የምመርጠው ስድስት ዓመት ሙሉ እኔ ነበርሁ። ዘንድሮ ግን የማኅበሩ ሙሴ፣ ሰብሳቢያችን፣ «ልብስ ሰፊው በየነም አብሮህ ይሂድ» አሉኝ።

ጠዋት ሁለት አውቶቡስ አየን፤ አንዱ አሮጌ፣ አንዱ አዲስ ቀለም የተቀባ። በየነ ነጭ ኩታውን አውልቆ ከሁለቱም ሥር ገባ። እኔ እንደ እንግዳ ቆሜ ቀረሁ። አቧራውን እያራገፈ ወጣና፣ «የዚህ ባለ ቀለሙ ጎማ አልቆ ሸራው ይታያል። አሮጌው ይሻለናል» አለ።

ይህን ለባለቤቴ ብነግራት ሳቀች። «አንተስ በስድስት ዓመት አንድ ቀን ከመኪና ሥር ገብተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው ሲሰበሰብ በየነን ቀድሜ ተነሣሁ። «ባለ ቀለሙን እንይዛለን። ባለቤቱ አበልጄ ነው፤ አያሳፍረንም» አልሁ። አበልጅነቱ እውነት ነው። ጎማውም እውነት ነው፤ በየነ ሲያሳየኝ ሸራውን በጣቴ ነክቼዋለሁ። ግን የአንድ ልብስ ሰፊ ቃል ከቃሌ በላይ ሲውል ማየት አልቻልሁም። ሰዉም እንደ ልማዱ እኔን ሰማ።

በየነ ይከራከረኛል ብዬ መልሴን አዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ተነሥቶ እጅ ነሣኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁት ሰው ከሆነስ እኔም ልቤ ዐረፈ። ልጆቼንም ይዣቸው እመጣለሁ» አለ።

ሦስት ናቸው ልጆቹ። መንገዱ ከነገ ወዲያ ነው።

ምነው በተከራከረኝ።