እማዬ አሳምራ የሰጠችኝ ናሙና

ወንድም ዓለም፣ ደህና ነህ ወይ? እኛ ደህና ነን። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ «ደህና ነን በይው» እያለችኝ ነው የምጽፍልህ።

ሥራዬ ጥሩ ነው። እንደ በፊቱ ከጤና ጣቢያው ናሙና ተቀብዬ በበረዶ ሳጥን ወደ ላቦራቶሪው አደርሳለሁ። በዚህ ወር አንድም አልፈሰሰብኝም፣ አንድም አልሞቀብኝም።

ባለፈው ሳምንት የእማዬንም ወሰድኩ። ሳሉ ስለቆየባት ነው፣ ሌላ ነገር የለም። በጠዋት ከውስጥ ስላ አክታ እንድትሰጠኝ ነግሬያት ነበር። እሷ ግን «እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይላካል?» ብላ፣ አፏን ተጉመጥምጣ ጥርት ያለ ምራቅ ሰጠችኝ። የላቦራቶሪው ሰውዬ ኩባያውን ወደ ብርሃን አንስቶ አየና፣ «እናትሽ ጨዋ ናቸው፤ ይሄ ግን ምራቅ ነው፣ መልሺው» አለኝ። ስነግራት እስኪያስላት ድረስ ሳቀች።

ዛሬ በደንብ ሰጠችኝ። ሳጥኑን እንደ ወትሮው መኪናው ኋላ አላስቀመጥኩትም፤ ጭኔ ላይ ይዤው ሄድኩ። ሰውዬው አይቶ፣ «አሁን ገና ናሙና አመጣሽ» አለኝ። ሁልጊዜ እንዲህ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ ዛሬ ፈርሜ ቶሎ ወጣሁ።

ውጤቱ ሳምንታት ይወስዳል። እሷ ትበላለች፣ ትቀልዳለች። ፈቃድ ካገኘህ ግን ብቅ በል፤ ስትመጣ በእሷ ምክንያት እንደመጣህ እንዳታስመስል።

ሁለታችንም በናፍቆት ሰላም ብለንሃል።

እህትህ